ሳካዋ የተቀባችው ግራጫ

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ስለሆነ ላነሳው አልፈለግሁም ነበር። እንኳንም አነሳሁት! ከሰፈራችን ላይብረሪ ነው። ድምጿ ለስለስ ያለ ሴትዮ፣ "መርከባችሁ ተመርጣለች፤ በሩ አጠገብ ያለው ትልቁ መስታወት ውስጥ ለአንድ ወር ትቀመጣለች። ከሥሯ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ደግሞ አንቺው ጻፊልን፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም" አለችኝ። በአማርኛም! የትምህርት ቤታችን ካፌቴሪያ መሀል ቆሜ እልል አልኩ። እውነቴን ነው። ያበሻ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ ሌሎቹ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ደገምኩት።

ቤት ስደርስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ነው ለእማዬ የነገርኳት።

"እማዬ፣ ሳካዋ መስታወት ውስጥ ልትገባ ነው!"

"የቷ ሳካዋ?"

"መርከባችን ናታ!"

"እሰይ! ቡፌዬ ነፃ ወጣ በይኛ" አለች። "ስንት ዓመት ሙሉ ብርጭቆዎቼን አስወጥታ ተንሰራፍታበት።" እንዲህ ትበል እንጂ፣ ትንሽ ቆይታ ለስላሳ ጨርቅ ይዛ መጣችና አቧራዋን ቀስ አድርጋ ትጠርግላት ጀመር፣ እንደ ሙሽራ።

ሳካዋ ማለት እንግዲህ የጃፓን የጦር መርከብ ናት፤ የእኛዋ የፕላስቲክ ሞዴሏ ናት፣ የክንዴን ያህል የምትረዝም። የሠራናት እኔና ጋሽ ይልማ ነን፣ እኔ አሥር ዓመቴ ሳለ። ጋሽ ይልማ በወጣትነታቸው ምጽዋ የነበሩ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የራሳቸውን መርከብ ስም ግን ከአፋቸው የሰማ ሰው አልነበረም። የድሮ መርከበኞች በዓመት አንዴ ሲሰባሰቡ ይጠሯቸዋል፤ አይሄዱም። ሰው ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቃቸው ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ፤ ሲያትል ውስጥ ደግሞ የዝናብ ወሬ አያልቅም። እኔ ግን አንዴ ስማቸው አጠገብ "መርከበኛ" የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላ ነገር አልታይ አለኝ። እንዲነግሩኝ ፈለግሁ፤ በቃ፣ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። "በዚያ ዘመን" ስል እማዬ፣ "የቱ ዘመን? ትናንት አይደለም እንዴ!" ብላ ትስቅብኛለች። ግን ዘመን ነበር እኮ። ባቡሩ ገና አልተጀመረም። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ፣ ብርቱካናማ በርሜሎች ተደርድረውበት፣ አውቶቡሱ በመሀላቸው እየተጥመዘመዘ ነበር ሬኒየር ቢች የሚያደርሰን። ሾፌሩ ከጥቅል ላይ ቀድዶ የሚሰጠን ስስ ወረቀት ነበር፣ ትራንስፈር የሚሉት፣ ሌላ አውቶቡስ የሚያሳፍር፤ ቀለሙ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ እየሰበሰብኩ መጽሐፌ ውስጥ አስቀምጠው ነበር፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ዓሣ የመሰለ ብርማ። አሁን ሁሉም ሰው ካርዱን ጢን አድርጎ ነው የሚገባው፤ ማን ወረቀት ይሰበስባል? ስልኩ የሚታጠፍ ነበር። ሰው ተናዶ ሲዘጋው ጧ ይላል፣ ንግግሩም የእውነት ያልቃል። ወደ አገር ቤት የሚደወለው ባምስት ዶላር ካርድ ነበር፤ ካርዱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ስንት ደቂቃ እንደቀረ በሚያምር ድምፅ ትናገርና፣ ገና እማዬ "ጤና ይስጥልኝ" ብላ ሳትጨርስ ይቋረጣል። "ሌባ!" ትላታለች እማዬ ሴትዮዋን። እኔ ሴትዮዋ እውነተኛ ሰው መስላኝ አዝንላት ነበር።

ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ሳንቡሳ ባንድ ዶላር ይሸጣል። ባለሱቁ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ከባንኮኒው በላይ የሰቀሉት ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ያንኑ የዘፈን ዲቪዲ ነበር የሚያዞረው። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ስድስት ሰዎች አንድ መናፈሻ ውስጥ፣ አንድ ምንጭ አጠገብ፣ ትከሻቸውን ይንጣሉ። ግጥሙን ሳላውቀው በቃሌ ያዝኩት፤ ትርጉሙ የገባኝ አሁን ነው፤ ለካ ስለ ቅናት ነበር። ልጆቹ ሁሉ ጂንስ ላይ ቀሚስ እንደርባለን። ኮፍያው ዙሪያ የሐሰት ፀጉር ያለው ጃኬት የሌላት ልጅ ልጅ አትባልም። የኔ ወይን ጠጅ ነበር፤ እጅጌው ላይ የደረቀ ሙጫ አለበት፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ነበረን፣ ኮሚዩኒቲ ሴንተሩ ውስጥ፣ የድሮው ሕንፃ ሳይፈርስ። ግድ ሆኖብኝ ነበር የምሄደው። አስተማሪያችን በአማርኛ ሲጠይቁን በእንግሊዝኛ እንመልሳለን፤ እሳቸው "አልሰማሁም" ይላሉ፤ እኛ ጮክ ብለን አሁንም በእንግሊዝኛ። ክፍሉን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ጋሽ ይልማ ነበሩ። በአዘቦቱ የኤርፖርት ሻትል፣ መንገደኛ የምታመላልስ ሚኒባስ፣ ይነዳሉ፤ ቅዳሜን ለእኛ ሰጥተው፣ እኛ ስንማር ኋላ ጥግ ላይ ተቀምጠው የተሰበረ ወንበር ይጠግናሉ፣ የማይጽፍ እስክርቢቶ ይፈታሉ። እማዬ ከሥራ እስክትመጣ እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርቶን አየሁ። ካርቶኑ ላይ ማዕበል የምትሰነጥቅ ግራጫ መርከብ ተስላለች።

"ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"መርከብ። ጋራዥ ሴል ላይ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ አገኘኋት፣ ሳትከፈት።"

"የየት አገር?"

"የጃፓን።"

"የእርስዎስ መርከብ የት አለች?"

ካርቶኑን ትንሽ ገፋ አደረጉት። "ዛሬ ዝናቡ የሚያቆም አይመስልም" አሉ። ከዚያ፣ "እጅሽን ታጥበሽ ነይ" አሉኝ።

መመሪያው በጃፓንኛ ነው። እኔም እሳቸውም አንድ ፊደል አናውቅም፤ ግን ሥዕል አለው። ጋሽ ይልማ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ሳልናገር ሙጫ አይነካም። ሶ፣ ወረንጦ ይዤ፣ የጥፍሬን ሩብ የማታክል ነገር አንጠልጥዬ፣ "ይቺ መልሕቅ መሳቢያ ናት" እላለሁ። "በአማርኛ ደግመሽ ንገሪኝ፣ ለምን ትጠቅማለች?" ቀን ከቀን አፌ ተፈታ። አሁን ይሄን የምጽፍበት አማርኛ ግማሹ የተማርኩት መርከብ ላይ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

በሁለተኛው ቅዳሜ መሰለኝ፣ የታችኛው አካሏ ሁለቱ ጎኖች ሊጣበቁ ሲሉ ጋሽ ይልማ ድንገት አቆሙ። ውስጧን አዩ። እንደ ባዶ ሙዝ ልጣጭ ነው፣ ምንም የለም።

"ሞተር የላትም እንዴ?"

"መጫወቻ እኮ ናት፣ ጋሽ ይልማ።"

"ሞተር የሌላት መርከብ ምን መርከብ ናት? ሣጥን ናት።"

ሄዱና ከክብሪት እንጨት፣ ከፎይልና ከስቴኪኒ ሞተር ሠርተው መጡ። ተርባይኖቹ አሉ፣ ቦይለሮቹ አሉ፣ አራቱን ማሽከርከሪያዎች የሚያዞሩት ዘንጎች አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሻትሉ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቁ የሠሩት ነው። ቦታ ቦታው አስገብተው ሁለቱን ጎን ገጥመው ዘጉት።

"ማንም አያየውም እኮ!" አልኩ። ልቤ ተሰብሮ ነው ያልኩት፤ በጣም ነበር የሚያምረው።

"የኛን ሥራስ መቼ ሰው አይቶት ያውቃል" አሉ። "የኛን" ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። ቀጥሎ ግን ምንም አልመጣም።

እውነተኛዋን ሳካዋን የሠሯትን ሰዎች እያደነቅሁ ነው ያደግሁት። ጃፓኖች እንደሷ ያሉትን ፈጣን የጦር መርከቦች፣ ቀላል ክሩዘሮቻቸውን፣ በወንዝ ስም ነበር የሚጠሩት፤ ሳካዋ የወንዝ ስም ነው። "እኛ ብንሆን አዋሽ፣ ባሮ፣ ገናሌ እንል ነበር ማለት ነው?" ስላቸው፣ "ተከዜን አትርሺ" አሉኝ። የታቀደችው ለአንድ ሥራ ነው፤ ዲስትሮየር የሚባሉትን ትንንሽ ፈጣን የጦር መርከቦች ከፊት ሆና ልትመራ። ስለዚህ እንደነሱ መሮጥ አለባት፣ ከነሱ ደግሞ ክንዷ መጠንከር አለበት። ሁለቱን ባንድ አካል ማስማማት እኮ ቀላል አይደለም! ከአንድ ተኩል የኳስ ሜዳ በላይ ትረዝማለች፤ ወርዷ ግን ጠባብ ነው፣ ከላይ ሲያዩዋት ወስፌ ናት። ባለ ጥንድ አፍ መድፎቿ ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ውሃ ውስጥ የሚሄደውን ቦምብ፣ ቶርፒዶውን፣ መተኮሻዎቿን መሀል ለመሀል አስቀመጧቸው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዲዞሩ፤ እንደዚያ ከሆነ በሁለቱም ጎን መደርደር አያስፈልግም፣ ክብደት ቀረ ማለት ነው። ከጭራዋ ወደ መሀል ደግሞ አውሮፕላን የሚያስፈነጥር ሐዲድ አለ። ጋሽ ይልማን ያስደነቃቸው ግን ጭስ ማውጫዋ ነው። ታች ያሉት ቦይለሮች ስንት ናቸው፤ ጭሳቸው ሁሉ ተጠማዝዞ፣ ተሰብስቦ፣ ባንድ ጉሮሮ ይወጣል። በጣታቸው እየነካኩት፣ "ይሄን ያሰበ ሰው ታች ወርዶ የሚያውቅ ነው። ከላይ ሆኖ ይሄ አይታሰብም" ይሉ ነበር።

የደረሰባትን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፣ ከላይብረሪ ባወጣሁት ወፍራም መጽሐፍ፣ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እየመለስኩ። አራት እህትማማቾች ነበሩ። ሦስቱን ጦርነቱ በላቸው፤ አንዷ እንዲያውም ከዓለም ትልቁን የጦር መርከብ አጅባ ወጥታ አብራው ቀረች። ሳካዋ የመጨረሻዋ ናት። አልቃ ወደ ባሕር ስትገባ ነዳጅ የለም። ያቺ ለሩጫ የተሠራች መርከብ፣ የዛፍ ቅርንጫፍና መረብ ተሸፍና ባሕር ዳርቻ ተደብቃ ቆመች።

"አንድም ጦርነት ሳትዋጋ?" አሉ ጋሽ ይልማ።

"አንድም።"

"ታድላ!"

ጦርነቱ ሲያልቅ ትጥቋን አስፈቷትና ሌላ ሥራ ሰጧት። በየባሕር ማዶው የቀሩ የጃፓን ወታደሮችን እየጫነች አገራቸው መመለስ። ይሄን ሳነብ ጋሽ ይልማ ሥራ አቆሙ። "ሰው ቤቱ ታደርስ ነበር?" አሉኝ። አዎ። "ሞልታ?" ሞልታ። ፈገግ ብለው፣ "አየሽ፣ መጨረሻዋ አማረ" አሉ። መጽሐፉ ግን አላለቀም ነበር። እኔ ገጹን ገልጬ አይቼዋለሁ። እንዴት ብዬ ላንብበው? በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ያነበብኩት። አሜሪካኖቹ ተረከቧትና ቢኪኒ ወደሚባል ደሴት ወሰዷት። ስሙን ሳየው መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። እዚያ ብዙ ባዶ መርከቦች አቁመው የአቶም ቦምብ ሊሞክሩባቸው ነው። ቦምቡ የታለመው ቀይ በተቀባ ሌላ መርከብ ላይ ነበር፤ ስቶ ሳካዋ አጠገብ፣ ከኋላዋ ከፍ ብሎ ፈነዳ። ጭራዋ ተጨማደደ። ስትነድ ዋለች፣ ስትነድ አደረች። በማግስቱ ሊጎትቷት ሲሞክሩ ሰጠመች። አሁንም እዚያው ናት፣ አሸዋው ላይ።

አልቅሻለሁ፣ አሥር ዓመቴ ነው። ጋሽ ይልማ አላለቀሱም። ወረንጦውን አስቀመጡና፣ "ሰው ቤቱ ያደረሰች መርከብ..." ብለው ሳይጨርሱት ተነሡ። በሩን ቆልፈው መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ሞተር ሳያስነሱ ቆዩ። እኔና እማዬ አልፈናቸው ሄድን።

ቀለሙን የቀቡት ብቻቸውን ነው። ሳምንት ቆይቼ ስመጣ ግራጫ ሆና አገኘኋት። ስታምር! ማለዳ ላይ ውሃው ከሰማዩ የማይለይበት ጊዜ አለ አይደል፣ እንደዚያ። ካርቶኑ ላይ ያለው ግራጫ ጠቆር ያለ ነው፤ እኔ ግን ለመርከብ ሰው ቀለም አላስተምርም ብዬ ዝም አልኩ።

በጸደይ ሬንተን ውስጥ በአንድ አዳራሽ የሞዴል ሠሪዎች ውድድር ነበር። ወይን ጠጅ ጃኬቴን ለበስኩ፣ ጋሽ ይልማ ከረባት አሰሩ። ጠረጴዛው ሙሉ መርከብና አውሮፕላን ነው፤ እኛ ብቻ ነን ጥቁሮቹ፣ ልጅም እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ። ነጭ ጢም ያላቸው ዳኛ በማጉያ መነጽር ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ፈተሿት። "በጣም የሚያምር እጅ ነው" አሉ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ፣ "ግን ቀለሙ የሷ አይደለም። እሷ የተሠራችበት ወደብ የራሱ ግራጫ ነበረው፣ ከዚህ በጣም ይጠቁራል። ይሄ የማን ግራጫ ነው?" ብለው ጠየቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የእውነት ማወቅ ፈልገው ነው።

ጋሽ ይልማ እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል። እኔ ግን ፈርቼ ተረጎምኩት። "የማን ግራጫ ነው ይላሉ።"

ሳካዋን አዩዋት። እንደ አዲስ፣ ሌላ ሰው እንደቀባት ነው የሚያዩዋት። ፊታቸው ተለዋወጠ። "እጄ ነው" አሉኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። "እኔ እኮ ካርቶኑን አላየሁም። እጄ የሚያውቀውን ደባለቀ።"

"የማን ነው ልበላቸው?"

"የኔ ናት በያቸው። የኔዋ መርከብ ቀለም ነው።"

አላሸነፍንም፤ እኔም አላዘንኩም። ምክንያቱም ስንመለስ ወደ ምዕራብ መታጠፍ ሲገባን ጋሽ ይልማ ወደ ሰሜን ነዱ። ቤልቪውን አለፍን። ኪርክላንድ ሐይቁ ዳር ፓርክ አደረጉ። ሆቴል አለ፣ የቅንጡ ጀልባዎች ማቆሚያ አለ፣ ሰው ውሻ ይዞ ይንሸራሸራል። ለእማዬ ኮል አድርጌ እንደምናመሽ ነገርኳት።

"እዚህ ነው የተወለደችው" አሉ።

"ማን?"

"ኢትዮጵያ።"

ደክሟቸዋል ብዬ አሰብኩ። "ኢትዮጵያ... ኪርክላንድ?"

"መርከቧ! ስሟ ኢትዮጵያ ነበር። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ።"

አንድ በአንድ ነገሩኝ። አሜሪካኖች በዚያው በጃፓኑ ጦርነት ጊዜ እዚሁ ሐይቅ ዳር ሠሯት። ሥራዋ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ማቅረብ ነበር። ያን ጊዜ ስሟ ኦርካ ይባላል። ኋላ ለንጉሡ ባሕር ኃይል ተሰጠች። ሐይቁ ከባሕር የሚገናኘው በባላርድ የውሃ በሮች ነው፤ እኛ በትምህርት ቤት ጉዞ ሳልመን ዓሣ ሊያሳዩን የወሰዱን እዚያ! የኢትዮጵያ መርከብ በዚያ በር አልፋ ነው ወደ ዓለም የወጣችው። እኛ በየቀኑ በድልድይ የምንሻገረው ውሃ ላይ ነው መጀመሪያ የተንሳፈፈችው። ዛሬ እንኳ ሳስበው ቆዳዬ ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል።

"እንዴት አወቁ?"

"ሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የነሐስ ሳህን ነበረች፣ የተሠራችበት ቦታ የተቀረጸባት። በየሳምንቱ የምወለውላት እኔ ነኝ። ሲያትል የመጣሁት የእህቴ ልጅ እዚህ ስለነበር ነው፣ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። አንድ ቀን ካርታ ሳይ የዚህችን መንደር የድሮ ስም፣ ያንኑ ሳህኗ ላይ የነበረውን፣ አየሁት። በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ መጣሁ።"

"ምን አገኙ?"

"አይስክሬም የሚበሉ ሰዎች።"

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀጠሉ። መንግሥት ሊለወጥ ሲል፣ ሁሉ ነገር ሲተራመስ፣ ኢትዮጵያ ባሕሩን አቋርጣ የመን ዳርቻ ደረሰች። ሰዉ ወረደ። እሳቸው የመጨረሻው ፈረቃ ላይ ነበሩ። "ሞተሯን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ዳግም አልተነሣም። በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች ሲሉ ሰማሁ። ሰዎቹ በየዓመቱ ሲሰባሰቡ ስለ እሷ ያወራሉ፤ ሩጫዋን፣ ንጉሡ የገቡባትን ቀን። እኔ ሲጠሩኝ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ያ ድምፅ ነው። ጠፍቶ ጸጥ ሲል።"

ልጅ ነኝ። "እንሥራታ፣ ጋሽ ይልማ! እንደ ሳካዋ እንሥራት!" አልኩ።

"ካርቶን የላትም።"

"ካርቶን ምን ያደርጋል!"

"ሳካዋን ሌላ ሰው ለክቶ፣ ቆርጦ አስቀመጠልን። የኔዋን የለካልኝ የለም። ተይው።" ሞተሩን አስነሡ። ስለ ዝናቡ አወሩኝ፤ ዝናብ ግን አልነበረም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠቆር ያለ ግራጫ ገዝተው መጡ፣ ስህተቱን ሊያርሙ። እኔ ብልቃጡን ቀምቼ ከጀርባዬ ደበቅሁት። "ኖ!" አልኩ፣ ከዚያም በአማርኛ፣ "እንዲሁ ትሁን።" ተከራከርን፤ አሸነፍኩ። ሳካዋ የእማዬ ቡፌ ውስጥ ገባች። ባቡሩ ተጀመረ፣ በርሜሎቹ ተነሱ፣ የድሮው ሕንፃ ፈርሶ አዲስ ተሠራ። ወረቀቱ ቀርቶ ካርድ መጣ፤ ካርዱን ደግሞ ኦርካ አሉት! እማዬ በየቀኑ ቦርሳዋ ውስጥ የጋሽ ይልማን መርከብ ስም ይዛ ሥራ ትሄዳለች፤ ስነግራት አላመነችኝም። ጋሽ ይልማ ሻትሉን ተዉ። እኔ በየጊዜው "እንሥራት?" እላለሁ፤ "ተይው" ይላሉ። እንደ ሰላምታ ሆነ። በዚህ ዓመት ግን ሰላምታው ያስፈራኝ ጀመር። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው፤ ሐኪሙ ሌላውም እየመጣ ነው ብሏል። እጃቸው ሻይ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። መርከቧ ያለችው እሳቸው ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ቀስ በቀስ እየሰጠመች ነው፣ እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ የማይ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት የላይብረሪውን ወሬ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። ሲያዩኝ፣ "ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምታበሪው?" አሉኝ።

"ሳካዋ ላይብረሪ ልትገባ ነው! መስታወት ውስጥ! ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ!"

"እሰይ የኔ ልጅ። ብቻዋን?"

"አዎ፣ ሣጥኑ ሙሉ ለሷ ነው።"

ጉልበታቸውን አሻሹ። "ሰው ሊያያት ይመጣል አይደል?"

"ብዙ ሰው!"

"እንደዚያ ሰውዬ፣ ግራጫው የማን ነው የሚል ቢመጣስ?"

"እጽፈዋለኋ! 'ይህ ግራጫ የኢትዮጵያ ነው' ብዬ።"

"ጽሑፍ ምን ያደርጋል?" አሉ። "የቀለሟን ባለቤት አጠገቧ ማቆም ነው እንጂ።"

ገና አልገባኝም።

"የት ነው የፕላስቲክ ሉሁን የሚሸጡት? ቀጭኑን።"

"ጋሽ ይልማ!"

"አትጩሂ፣ ጎረቤት አለ። ስሚኝ። ታች ያለውን እኔ አውቃለሁ። ከወለሉ በታች ያለውን ሁሉ፣ ዓይኔ ጨርሶ ቢጠፋ በእጄ እሠራዋለሁ። ከላይ ግን አላውቅም። እኔ ፀሐይ የማየው ለእረፍት ስወጣ ነበር፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ። መሰላሉ በየት በኩል እንደነበር፣ ጀልባዎቹ እንዴት እንደተሰቀሉ፣ የኩሽናው በር ወዴት እንደሚከፈት... የላይ ሰዎች ናቸው የሚያውቁት።"

"ታዲያ እንጥራቸዋ!"

"በምን ፊቴ? ስንት ዓመት ሲጠሩኝ ቀርቼ።"

"እኔ ልጻፍላቸው?"

መስኮቱን አዩ። ስለ ዝናቡ ሊናገሩ ነው ብዬ ልቤ ወረደ። "ጻፊ" አሉ። "ግን አታሳምሪው። ይልማ፣ ከሞተር ክፍል፣ ብለሽ ጻፊ። ያውቁታል።"

ሶ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው፤ አላሳምረውም።

ሳካዋን ላይብረሪው ሄዳችሁ ታዩዋታላችሁ፣ እሱ ደስታዬ ነው። ግብዣው ግን ከጋሽ ይልማ ነው። ምጽዋ ኢትዮጵያ መርከብ ላይ የሠራችሁ ሁሉ፣ መድፍ የወለወላችሁ፣ ሬዲዮ የያዛችሁ፣ ወጥ የሠራችሁ፣ ባንዲራ የሰቀላችሁ፣ ሬኒየር ቢች ኮሚዩኒቲ ሴንተር ኑ። ቅዳሜ፣ የአማርኛ ክፍሉ እንዳለቀ። ከኤቨረትም ቢሆን፣ ከሬድመንድም ቢሆን። አባታችሁ መርከበኛ ከነበረ ይዛችሁት ኑ፤ እሱ ከሌለ ያወራላችሁን ይዛችሁ ኑ። ከወደቡ ቆማችሁ አንድ ቀን ያያችኋትም ብትሆኑ፣ የቱ ጎኗ ወደ እናንተ እንደዞረ ካስታወሳችሁ ይበቃል። ጠረጴዛውን እኛ እናዘጋጃለን፣ ወረንጦውም አለ፣ ልጆች ካሏችሁ እጃቸውን ታጥበው ይምጡ። ሞተሩ ከወዲሁ ተጀምሯል፣ ከክብሪት እንጨትና ከፎይል።

ከላይ የነበራችሁ ኑ፤ ከታች የነበሩት እየጠበቋችሁ ነው።